ስለ ስደተኞች የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጁ፦ ጥያቄና መልስ

በጋምቤላና በዶሎ አዶ መጠለያዎች ለዓመታት የመስክ ጥናት ያካሄድኩ በመሆኔ፣ በዘርፉ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ጽሑፍ ለምታዘጋጁ አባላት ጥያቄ እንድመልስ ተጠይቄ ተስማምቻለሁ። የናሙና ስሌት አትጠይቁኝ። የምላሽ ሰጪዎቻችሁንም ስም እዚህ እንዳትጽፉ።

ሰላም፦ ዶክተር፣ ርዕሴ «በኢትዮጵያ የሚገኙ ስደተኞች ችግሮች» የሚል ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ርዕሱን በመተው ይጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 በተከፈተው የቀብሪበያህ መጠለያ ያደገች ሶማሊያዊትና እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው ኩሌ የሰፈረ የደቡብ ሱዳን ወጣት፣ ከራሽን ወረፋ በቀር የሚጋሩት ችግር ጥቂት ነው። የትኞቹ ሰዎች፣ የት፣ መቼ፣ በየትኛው ጉዳይ እንደሆነ ለይተው ይመለሱ።

ይልቃል፦ መጠይቄን በአማርኛ አዘጋጅቼ ጋምቤላ ውስጥ በአስተርጓሚ ለማስጠየቅ አስቤያለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ይህ ነው። በመጀመሪያ «ስደተኛ» የሚለውን ቃል ራሱን ይመርምሩት። በእኛ ቋንቋ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሄዷም፣ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ወደ ሐበሻ ምድር መሻገራቸውም፣ የጎረቤት ልጅ ለሥራ ዓረብ አገር መግባቷም ሁሉም ስደት ይባላል፤ በስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ግን ስደተኛ ማለት የተወሰነ መስፈርት አሟልቶ ጥበቃ የተሰጠው ሰው ነው። እርስዎ በአዋጁ ትርጉም የጻፉትን ቃል አስተርጓሚው በሰፈሩ ትርጉም ሲያስተላልፈው፣ መልሱ የሌላ ጥያቄ መልስ ሆኖ ይመጣል። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ጥናቴ «ለምን ተሰደዱ?» ብዬ ያስጠየቅሁት «ለምን ሸሻችሁ?» ተብሎ ሲተላለፍ ከርሞ፣ አባወራዎቹ በፈሪነት የተከሰሱ መስሏቸው ስለ ጀግንነታቸው ሲነግሩኝ እንደነበር ያወቅሁት ቅጂውን ለሁለተኛ አስተርጓሚ ካሰማሁ በኋላ ነው። የአርባ ሰው ቃለ መጠይቅ በዚህ ምክንያት ጣልኩ።

ስለዚህ መጠይቁ ወደ ኑዌርኛ ወይም ወደ አኙዋክኛ ከተተረጎመ በኋላ፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያላየ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰው፤ ሁለቱን አማርኛዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ያንብቡ። አስተርጓሚው ማን እንደሆነም ይጠይቁ። አኙዋክና ኑዌር በሚኖሩበት እንደ ፑኙዶ ባለ መጠለያ የአንዱ ወገን ሰው ሌላውን ቢጠይቅ፣ ትርጉሙ የተጣራ ቢሆን እንኳ መልሱ የተቆለፈ ይሆናል። የብሎክ ተጠሪ፣ ማለትም የመጠለያው የአንድ ክፍል ነዋሪዎች ተወካይ፣ የሆነ አስተርጓሚ ደግሞ ስለ ራሽን ሲጠየቅ ዳኛም ምስክርም ነው። የምላሽ ሰጪዎችን ስም አይጻፉ፤ መለያ ቁጥር ይስጡ።

ትዕግሥት፦ ፈቃድ ከማን ነው የሚገኘው?

መልስ፦ ከዩኒቨርሲቲዎ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ ቀጥሎም ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት። ቀደም ብለው ይጠይቁ።

አበበ፦ እኔ የማጠናው እ.ኤ.አ. በ2018 ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ የተፈናቀሉትን ነው። አማካሪዬ «ስደተኛ አትበል» ይለኛል። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ድንበር አለመሻገሩ ምን ይለውጣል?

ሂሩት፦ አማካሪህ ትክክል ነው። ድንበር ካልተሻገረ ተፈናቃይ ነው የሚባለው።

አበበ፦ ሕጉን አላጣሁትም። ቃሉ ሥቃዩን ያሳንሰዋል ነው የምለው።

ሂሩት፦ በሥቃይ የሚለካ ከሆነ ከሳዑዲ ተገድዶ የተመለሰውስ ስደተኛ ሊባል ነው?

መልስ፦ ሁለታችሁም ክርክሩን ወደ ሥቃይ መጠን ወስዳችሁታል፤ ልዩነቱ ግን ተጠያቂው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ስደተኛ የአገሩን መንግሥት ጥበቃ አጥቶ በሌላ አገር ጥላ ሥር ይገባል፤ ተፈናቃይ በራሱ መንግሥት ኃላፊነት ሥር ይቆያል፤ ኢትዮጵያም የአፍሪካ ኅብረትን የተፈናቃዮች ስምምነት (የካምፓላውን ስምምነት) በ2012 ዓ.ም. ስታጸድቅ ይህንኑ ግዴታ ተቀብላለች። አቶ አበበ፣ «ተፈናቃይ» ሲሉ መንግሥትን ስለ ግዴታው እየጠየቁ ነውና ቃሉ የሚያሳንሰው ነገር የለም። ከሳዑዲ የተመለሰው «ተመላሽ» ነው፤ የዛሬው ጉዳያችን ግን አይደለም።

ናሆም፦ መጠይቄን በስልክ መተግበሪያ አስተርጉሜ ብጠቀምስ?

መልስ፦ ለአቶ ይልቃል የጻፍኩትን ያንብቡ።

ሰላም፦ ርዕሴን «በዶሎ አዶ የሚገኙ ስደተኞች ችግሮች» ብዬ አስተካክያለሁ።

መልስ፦ ቦታውን አገኘን። «ችግሮች» የሚለው ግን አሁንም አለ። በዶሎ አዶ መጠለያዎች በቡራሚኖና በኮቤ በመስኖ የሚያርሱ የስደተኞችና የነዋሪዎች ማኅበራት አሉ፤ መሬቱና ምርቱ እንዴት እንደሚከፋፈል ብቻ ቢጠይቁ ለአንድ ዲግሪ ይበቃል።

ራሔል፦ አዲስ አበባ ከሚኖሩ ኤርትራውያን ጋር በቴሌግራም ድምፅ ቃለ መጠይቅ ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ይወቁ። አንደኛ፣ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በትግራይ ጦርነት ጊዜ ከወደሙት ከሽመልባና ከሕፃፅ መጠለያዎች የመጡ ናቸው፤ ለድርጅት፣ ለጋዜጠኛና ለተማሪ ያንኑ ታሪክ ደጋግመው ተናግረዋል። ስለዚህ ፎርም የያዘ ሰው ሁሉ «ፕሮሰስ»፣ ማለትም ወደ ሦስተኛ አገር የመዛወር ሂደት፣ የሚያስጀምርላቸው ሊመስላቸው ይችላል፤ ወደ ሦስተኛ አገር በመዛወር ላይ ምንም ሥልጣን እንደሌለዎት በትግርኛ በቃል ይንገሯቸው፤ በኋላም ምን እንደገባቸው መልሰው እንዲነግሩዎት ያድርጉ። የፊርማ ወረቀት ማስፈረም ተስፋውን ስለሚያጠነክረው፣ ኮሚቴዎ የቃል ስምምነትን እንዲቀበል ያመልክቱ። ሁለተኛ፣ ስም ባይጻፍም ድምፅ ራሱ ስም ነው፤ አገር ቤት የቀረ ቤተሰብ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ድምፁን ወደ ጽሑፍ እንደገለበጡ ከእርስዎም ከእነርሱም በኩል ያጥፉት፤ የወጡበትን ቀንና ያገለገሉበትን የጦር ክፍልም ከጽሑፉ ያውጡ።

ራሔል፦ አማካሪዬ ድምፁ ለማረጋገጫ ይቀመጥ ብለዋል።

መልስ፦ ድምፁ እንዲጠፋ የሚጠይቀውን ደብዳቤ ለአማካሪዎ ሳይሆን ለኮሚቴው ይጻፉ፤ ግልባጩን ለአማካሪዎ ይስጡ።