ልጅ ቆዳው ውሃ እየቋጠረ ሲመላለስበት

እህቴ፣ አይዞሽ። «የ4 ዓመት ልጄ አፉ ዙሪያና ብሽሽቱ ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ አንቲባዮቲክ ሲወስድ የተሻለው ይመስልና ይመለሳል፣ ምን ይሆን?» ብለሻል። የሴት ልጄም ነገር እንዲሁ ነው የጀመረው። ሐኪም አይደለሁም፣ ያለፍኩበትን ልንገርሽ።

ያኔ የምንኖረው ዓለም ገና ከተማ ነበር። ጎረቤት ምች ነው ብሎ ዳማከሴ አመጣልን። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ኢንፌክሽን ነው እያለ ሽሮፕና ቅባት ይቀያይርልን ነበር። ቁስሉን ልብ ብዬ ሳየው ግን መሃሉ እየደረቀ፣ ዙሪያውን ትንንሽ አዳዲስ ቋጠሮዎች እንደ ዶቃ ተደርድረው ይወጣሉ። ከእምብርቷ በታችና ጭኗ ውስጥ በደንብ ይታይ ነበር። ማሳከኩማ እንቅልፍ ነስቷታል። የልጅሽም እንዲህ ከሆነ የቆዳ ስፔሻሊስት ይየው። እኛ የሄድነው አዲስ አበባ ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል ነው።

በሽታው ሊኒየር አይጂኤ ይባላል። የሰውነት መከላከያ የላይኛውን ቆዳ ከታችኛው ጋር የሚያያይዘውን ክፍል ያጠቃል። ይኸው መሆኑ ከተረጋገጠ አይተላለፍም፣ መኝታ መለየት አያስፈልግም። በልጆች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ዓመት በፊት ይጀምራል።

በዓይን ብቻ ግን አይረጋገጥም። አንድ ናሙና ከቋጠሮው፣ ሌላ ደግሞ አጠገቡ ካለው ጤነኛ ከሚመስል ቆዳ ይወሰዳል። ሁለተኛው ኢሚዩኖፍሎረሰንስ ለሚባለው፣ ቆዳው ላይ የተጣበቀውን የመከላከያ ፕሮቲን በሚያበራ ቀለም ለሚያሳየው ምርመራ ስለሆነ ፎርማሊን (የተለመደው የናሙና ማቆያ ፈሳሽ) ውስጥ መግባት የለበትም፣ ይበላሻል። ናሙናውን ራስሽ ይዘሽ ወደ ላብራቶሪ የምትሄጂ ከሆነ ምን ውስጥ እንደተቀመጠ ጠይቂ። ማፈር የለም።

ዋናው መድኃኒት ዳፕሰን ነው፣ ለሥጋ ደዌ የሚሰጠው ራሱ። ከመጀመሩ በፊት የጂ6ፒዲ ምርመራ ይደረግለት፤ ይህ ኢንዛይም ከጎደለው መድኃኒቱ ቀይ የደም ሴሎቹን ክፉኛ ሊያፈርስ ይችላል። ከዚያም በኋላ ደሙ በየጊዜው ይታያል። የልጄ የደም መጠን ወረድ ሲል ሐኪሟ የመድኃኒቱን መጠን ቀንሳላታለች። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ትኩሳትና ሽፍታ አብረው ከመጡ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ወዲያው ውሰጂው። ዓይኑ ከቀላና ካቃጠለውም ለሐኪሙ ንገሪ፣ በሽታው ዓይንም ይነካል።

አብዛኞቹን ልጆች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይተዋቸዋል። ልጄም አሁን ያለ መድኃኒት ደህና ናት።

እስከዚያው ቋጠሮውን አትላጪው። አዲስ በወጣ ቁጥር በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ ቀጠሮው እስኪደርስ ሊደርቅ ይችላል።