ፍርሃቴ ጫካ ውስጥ ቀረ፤ መድኃኒቱን ላቁመው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 34 ነው፤ የምኖረው እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ባቡር ውስጥ ልቤ በድንገት ይደልቅ ጀመር፤ እጄ ደነዘዘ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ የምሞት መሰለኝ። ሆስፒታል ተመርምሬ «ልብሽ ደህና ነው» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ባቡር፣ ሊፍት፣ ጨለማ፣ ብቻዬን መሆን ሁሉ ያስፈራኝ ነበር። ሰርትራሊን የሚባል የጭንቀት መድኃኒት 50 ሚሊ ግራም ታዞልኝ መውሰድ ከጀመርኩ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ከአምስት ወር በፊት ደግሞ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ድሩይድ ነን ከሚሉ፣ ተፈጥሮን ከሚያከብሩ የእምነት ሰዎች ጋር ጫካ ወሰደችኝ። መጀመሪያ ዳር ቆሜ አያቸው ነበር፤ በኋላ አብሬያቸው ተቀመጥኩ፤ በታኅሣሥ፣ በዓመቱ ረጅም ሌሊት፣ እሳት ዳር አድሬ አልፈራሁም። እናቴ ይህን ስትሰማ «ባዕድ አምልኮ ገባሽ፤ ጋኔኑን በጋኔን ነው ያስወጣሽው» ብላ አለቀሰች። ያዳነኝ ምንድን ነው? መድኃኒቱን ማቆምስ እችላለሁ? ከቡድኑ አንዲት ሴት በምትኩ ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባል ተክል አፍልቼ እንድጠጣ ሰጥታኛለች። ስሜ ይቆይ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ አሁኑኑ ሊጎዳዎት የሚችለው እሱ ነውና። ያንን ተክል ከሰርትራሊን ጋር አይጠጡ። ሴንት ጆንስ ዎርት በበጋቸው አጋማሽ ቢጫ አበባ የሚያወጣ፣ በአውሮፓ ለረጅም ዘመን በመድኃኒትነት ያገለገለ ተክል ነው፤ መለስተኛ ድባቴ ላይም ይሠራል። የሚያሰጋኝም መሥራቱ ነው። ሁለቱም አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ከፍ ያደርጋሉ፤ ሲደራረቡ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መፍጠን፣ መቁነጥነጥ፣ ተቅማጥ፣ ከበረታም ትኩሳትና መቃዠት ያስከትላሉ። አጀማመሩ የለመዱትን የፍርሃት ጥቃት ስለሚመስል፣ «ፍርሃቴ ተመለሰ» ብለው ሌላ ስኒ ሊጨምሩ ይችላሉ። ይኸው ተክል የወሊድ መከላከያ ክኒንና የሌሎች ብዙ መድኃኒቶችን ኃይልም ያዳክማል። ጠጥተው ከሆነ ዛሬውኑ ለፋርማሲ ባለሙያ ይንገሩ፤ ከላይ ያልኳቸው ምልክቶች ከታዩብዎ ወደ ድንገተኛ አደጋ መጥሪያው 999 ይደውሉ።

«የጥንት ድሩይዶች መድኃኒት ነው» ተብለው ከሆነም አንድ ነገር ይወቁ። የጥንቶቹ ድሩይዶች፣ ከክርስትና በፊት የነበሩት የኬልት ሕዝቦች ካህናት፣ ትምህርታቸውን በጽሑፍ አያኖሩም ነበር፤ ይህን የነገረን ዩልዮስ ቄሳር ነው። ስለ ሕክምናቸው ከምናውቀው ጥቂት ነገር አንዱ ሮማዊው ፕሊኒ የጻፈው ነው፤ ከኦክ ዛፍ ላይ ሚስልቶ የተባለውን ጥገኛ ተክል በወርቅ ማጭድ ቆርጠው የመርዝ ሁሉ ማርከሻ ነው ይሉት እንደነበር ይተርካል። ሚስልቶ ግን ራሱ መርዛማ ነው። በእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢዎች የሚበቅለውና ድሩይዶችም የሚያከብሩት ዩው የተባለው ዛፍ ደግሞ ቅጠሉም ፍሬው ውስጥ ያለው ዘርም ልብን ያቆማል። ዛሬ እርስዎ ያገኙት ድሩይድነት ሥሩ የሚመዘዘው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የዌልሱ ባለቅኔ ኢዮሎ ሞርጋኑግ በ1792 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ፕሪምሮዝ ሂል ላይ ሥርዓቱን ጀመረ፤ በ1964 አሁን በሰፊው የሚታወቀው የባርዶች፣ የኦቬቶችና የድሩይዶች ማኅበር ተመሠረተ። ይህን የማነሳው እምነቱን ለማሳነስ አይደለም። ከጥንት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ፣ በብዙ ትውልድ የተፈተነ የመድኃኒት ዕውቀት አለ ብለው ክኒንዎን እንዳይጥሉ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። ባቡር ውስጥ የደረሰብዎ ፓኒክ አታክ ይባላል። አንጎል አደጋ ሳይኖር የአደጋ ደወል ይደውላል፤ አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብ ይፈጥናል፤ ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና እጅና ከንፈር ይደነዝዛል። አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ደርሶ ይወርዳል። በሽታ የሚያደርገው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሽሽት ነው። ከባቡሩ ስንወርድ እፎይ እንላለን፤ አንጎላችንም «በመሸሼ ተረፍኩ» ብሎ ይመዘግባል። በሸሸን ቁጥር የምንደፍረው ቦታ እየጠበበ ይሄዳል።

እርስዎ ጫካው ውስጥ ምን እንዳደረጉ ደብዳቤዎን መልሰው ያንብቡት። መጀመሪያ ዳር ቆሙ። ቀጥሎ ተቀመጡ። በመጨረሻ ጨለማ ውስጥ አደሩ። ፍርሃቱ ሲመጣ አልሸሹም፤ ራሱ ወርዶ እስኪያልፍ ቆዩ። እኛ ሐኪሞች ለፍርሃት ከምናውቃቸው ሕክምናዎች እጅግ ጠንካራው ይኸው ነው፤ ደረጃ በደረጃ መጋፈጥ። በዚያ ላይ ድሩይዶች በሥርዓታቸው የሚያዜሙትን «አወን» የተባለ ቃል ድምፅ አስረዝመው አብረው አዚመው ከሆነ፣ ሲያዜሙ ትንፋሽ የሚወጣበት ጊዜ ይረዝማል፤ ይህም ልብን ያረጋጋል። ሰው ከብቦዎት ነበር፤ ዛፍ ከብቦዎት ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ 20,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የወጣ ጥናት በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ ተፈጥሮ ውስጥ የሚያሳልፉት የተሻለ ጤናና ደህንነት እንደሚሰማቸው አሳይቷል፤ መንስኤው ያ ነው ብሎ ባያረጋግጥም።

ይሁንና መድኃኒቱ ከጫካው አራት ወር ይቀድማል። ሰርትራሊን ሥራው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ የመጀመሪያ ቀን ባልደረባዎን ተከትለው ሲሄዱ እሱ አስቀድሞ ደወሉን ዝቅ አድርጎት ነበር ብዬ አስባለሁ። ዳር ላይ እንዲቆሙ ያስቻለዎት መድኃኒቱ፣ እዚያ ያስተማረዎት ጫካው ይመስለኛል። ምን ያህሉ የየትኛው እንደሆነ ለይቶ የሚመዝን ሚዛን የለኝም።

ስለ ማቆሙ፦ ደህና ከሆኑ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር መቀጠል ይመከራል፤ እርስዎ ገና ነዎት። ጊዜው ሲደርስም ከሐኪምዎ ጋር ሆነው በሳምንታት ወይም በወራት ቀስ በቀስ ይቀንሱታል። በአንድ ቀን ያቆሙት ሰዎች ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ የነካቸው ዓይነት ስሜት ሊገጥማቸው ይችላል፤ ብዙዎችም በሽታው አገረሸ ብለው ይደነግጣሉ።

እናትዎን በተመለከተ፣ የጋኔን ጉዳይ የሕክምና ሙያ የሚዳኘው አይደለም። ሕመሙ ግን ስም ያለው፣ የሚታወቅ፣ የሚታከም ነው፤ ይህን በእኔ ስም ይንገሯቸው። «አረማዊ» የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ እንደ ስድብ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እነዚያ ሰዎች ግን በእንግሊዝኛ ያንኑ ቃል፣ ፔጋን፣ ብለው ራሳቸውን የሚጠሩት በኩራት ነው። እናትዎ የሰሙት የመጀመሪያውን ነው፤ ልጃቸውን ያጡ መስሏቸው አልቅሰዋል። ደጋግመው ይደውሉላቸው። ጠበል ለሚጠመቁ ታካሚዎቼ የምለውን ለእርስዎም እላለሁ፤ እምነትዎን ይያዙ፣ መድኃኒቱን አያቋርጡ። መድኃኒት ጣይ፣ ከቤተሰብሽ ተቆረጪ፣ ገንዘብ አምጪ የሚል ከመጣ ግን፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ከዚያ ይራቁ።

ከጫካ ሲመለሱ እግርዎንና ብብትዎን ለመዥገር ይፈትሹ። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ እየሰፋ የሚሄድ ክብ ሽፍታ ካዩ፣ በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ደብዝዞ ሊታይ ስለሚችል ሳይንቁት መዥገር ለሚያስተላልፈው ለላይም በሽታ ይመርመሩ።

አንድ ነገር ግን አልነገሩኝም፤ ባቡሩን። ጨለማውን እንዳሸነፉ ጽፈዋል፤ ስለ ባቡሩ አንድም ቃል የለም። አንጎል ጫካ ውስጥ የተማረውን ወደ ባቡር በራሱ አያሻግርም፤ እዚያም መማር አለበት። በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት (ኤንኤችኤስ) ለሚሰጠው የንግግር ሕክምና ያለ ሐኪም ሪፈር በራስዎ ማመልከት ይችላሉ፤ ለፓኒክ የሚሰጠውን የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ይጠይቁ። እስከዚያው ሰው በማይበዛበት ሰዓት ጣቢያው ሄደው ባቡሮቹ ሲያልፉ ተቀምጠው ይዩ፤ ልክ የመጀመሪያ ቀን ጫካው ዳር እንደቆሙት። ያ ሲለመድ እስከ ጎረቤት ከተማዋ ባዝ ይሳፈሩ፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ፍርሃቱ ቢነሳ ባዝ ሳይደርሱ ጫፉን አልፎ መውረድ ይጀምራል። ከዚያ በዚያው ቀን በባቡር ይመለሱ፤ እንዴት እንደነበረም ይጻፉልኝ።