የዶሮ መድኃኒት የሰጠኋት ድመቴ ማየት ተሳናት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከአዳማ ነው የምጽፍልዎ። ድመታችን ጉንፋን ይዟት ስታስነጥስ ከዶሮዎቻችን የተረፈውን 10 ፐርሰንት ኢንሮፍሎክሳሲን የተባለ የባክቴሪያ መድኃኒት በቀን አንድ ሚሊ ሊትር እሰጣት ነበር። ከትናንት ጀምሮ ከዕቃ ጋር ትጋጫለች፤ ዓይኗ ግን ጥርት ብሎ ያበራል። ወተት አጠጣኋት፣ ቴትራሳይክሊን ቅባትም ቀባኋት። ለልጄ ሐኪም ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) አዞላታል፤ የድመቷ መድኃኒት የዚያው ወገን ነው ሲሉኝ ደነገጥኩ። ልጄን መድኃኒቱን ላስቁማት?

መልስ፦ እንቅልፍ የነሳዎት የልጅዎ ነገር ይመስለኛል፤ ከእሷ ልጀምር። አያስቁሟት፣ ሐኪሟ እንዳዘዘው ትጨርስ። መድኃኒቶቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ ይህ ጉዳት ግን የሚታወቀው በድመት ነው። መድኃኒቱ ሬቲና ወደሚባለው፣ ብርሃን ወደሚቀበለው የዓይን ጀርባ እንዳይገባ የሚመልሰው ፕሮቲን በድመት ላይ በተፈጥሮው ደካማ ነው። እዚያ የተጠራቀመው መድኃኒት ብርሃን ሲያገኘው ሬቲናውን ይጎዳል።

እኔን ያስደነገጠኝ «ያበራል» ያሉት ነው። ብዙ ሰው ዓይኗ ስላበራ ደህና ናት ብሎ ይቀመጣል። በቀን ብርሃን የድመት ብሌን እንደ ክር መቅጠን አለበት። መስኮት አጠገብ አቅፈዋት ይዩ፦ ጥቁሩ ክብ እንደሰፋ ከቀረ፣ ብርሃኑ እየደረሳት አይደለም ማለት ነው። የሚያበራውም ከዓይኗ ጀርባ ያለው አንጸባራቂ ሽፋን ነው፤ በሰፋው ብሌን በኩል ይታያል። ዓይኗ አልቀላም፣ አላዥም፣ አላመማትም፤ ለዚህ ነው ሰው የሚዘናጋው። ይህን ሲያዩ ነገ አይበሉ።

አሁን ልቆጣ። ጠርሙሱ ላይ ድመት የሚል ቃል አንብበዋል? ለድመት ከፍተኛው መጠን በቀን በኪሎ 5 ሚሊግራም ነው፤ ሦስት ኪሎ ከሆነች 15። 10 ፐርሰንት ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊግራም ነውና፣ እርስዎ በአንዴ 100 ሰጥተዋታል! የድመት ጉንፋን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቫይረስ ስለሆነ ይህ መድኃኒት አያድነውም።

ወተት መድኃኒቱን አያረክሰውም፤ በግድ ሲያጠጧት ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ቅባቱም ጉዳቱ ያለበት ቦታ አይደርስም።

ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ከፀሐይ አርቀው ጠርሙሱን ጭምር ይዘው ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። አሮጊት ከሆነች የደም ግፊቷና ኩላሊቷም ይታይ። ቶሎ ሲቆም ጥቂት ብርሃን የሚመለስላቸው አሉ፤ ብዙዎቹ ግን እንደዚያው ይቀራሉ። ብትታወርም በቤት ውስጥ በጢሟና በጆሮዋ እየተመራች ትኖራለች። ምግቧን ከለመደችበት አያንሱ፤ ባጃጅ ወደሚመላለስበት መንገድም እንዳትወጣ በሩን ይዝጉ።