ቲ ሴል የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ እንዴት ያውቀዋል? ጥያቄና መልስ

ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ ስለ ሥጋ ደዌና ስለ ሰውነት መከላከያ፣ በተለይም ቲ ሴል ስለሚባለው ተከላካይ ነጭ የደም ሴል የመጡትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቲ ሴል ባክቴሪያውን ቀጥታ ያየዋል?

አያየውም። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። አንቲቦዲ (ደም ውስጥ ያለ ተከላካይ ፕሮቲን) ሙሉ ባክቴሪያ ላይ መለጠፍ ይችላል። የቲ ሴል ሪሴፕተር (ላዩ ላይ ያለው መለያ ፕሮቲን) ግን ባብዛኛው ተቆራርጦ የቀረበለትን ነው የሚያውቀው። መጀመሪያ ማክሮፌጅ ወይም ዴንድሪቲክ ሴል የሚባል ጀርም ዋጭ የመከላከያ ሴል ባክቴሪያውን ይውጠዋል፤ ፕሮቲኑን ይቆራርጣል። ከዚያ ቁራጩን ኤችኤልኤ የሚባል ፕሮቲን ላይ ባለች ስርጉድ አስቀምጦ ወደ ላዩ ያወጣዋል። ሲዲ4 ለሚባለው፣ ሌሎች የመከላከያ ሴሎችን ለሚያግዘው የቲ ሴል ዓይነት የሚቀርበው ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ ከ13 እስከ 25 አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሠራባቸው ቅንጣቶች) ነው። ሪሴፕተሩ ቁራጩንም ኤችኤልኤውንም አንድ ላይ ይዳስሳል። የኤችኤልኤ ዓይነት ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ስለዚህ ለእኔ ቲ ሴል የሚቀርበው ቁራጭ ለአንተ ላይቀርብ ይችላል።

ጥያቄ፦ የባክቴሪያው ግድግዳ ግን ቅባት በቅባት ነው። ያንን ማን ያቀርበዋል?

ጎበዝ፣ የምወደው ጥያቄ ነው። ለቅባት ሲዲ1 የሚባሉ ሌሎች አቅራቢዎች አሉ። የቅባቱ ጭራ ስርጉዱ ውስጥ ይቀበራል፤ ስኳር ያለበት ጫፍ ብቻ ብቅ ይላል። ሪሴፕተሩ የሚነካው ያችን ጫፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ከሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የተገኘ ሊፖአራቢኖማናን የተባለ ስኳርና ቅባት በሲዲ1 በኩል ለቲ ሴል እንደሚቀርብ ታይቷል። ሲዲ1 እንደ ኤችኤልኤ ከሰው ሰው ብዙም አይለያይም። አንድ ክትባት ለብዙ ሰው ሊሠራ ይችላል ብለው ለክትባት የሚያስቡ ሰዎችን የሚያጓጓው ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ያው ባክቴሪያ ሆኖ አንዱ ላይ ሁለት ነጠብጣብ፣ ሌላው ላይ መላ ሰውነት የሚይዘው ለምንድነው?

ልዩነቱን የሚፈጥረው በዋናነት የቲ ሴሉ ምላሽ ነው። ቱበርኩሎይድ በሚባለው ዓይነት ቲ ሴሎቹ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ማክሮፌጅን የሚያነቃ ፕሮቲን ይለቃሉ፤ ማክሮፌጁም ይበረታል፤ ቁስሉ ላይ ባክቴሪያ ማግኘት ያስቸግራል። ሌፕሮማተስ በሚባለው ግን ማክሮፌጆቹ በባክቴሪያ ይሞላሉ፤ ቲ ሴሉ ዝም ይላል። የሚገርመው፣ ከእነዚህ ታማሚዎች ብዙዎቹ ለቲቢ ምርመራ በሚወጋው ቱበርኩሊን ቆዳቸው ያብጣል። መከላከያቸው በአጠቃላይ አልሞተም ማለት ነው፤ የተኛው ለዚህ ባክቴሪያ ብቻ ነው። ሲዲ1 ያላቸው ዴንድሪቲክ ሴሎችም በሌፕሮማተስ ቁስል ላይ እጅግ ጥቂት ናቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ነጠብጣቡ ቀልቶ አበጠ፣ እጁም ደከመ። መድኃኒቱ ነው?

እህቴ፣ ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ውሰጂው። ሪአክሽን፣ ማለትም መከላከያው በድንገት ሲነቃ የሚመጣ እብጠት ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያው ነርቭን የሚሸፍነው የሽዋን ሴል ውስጥ ይደበቃል። ቲ ሴሉ በድንገት ሲነቃ እዚያው ነርቭ ላይ ይዘምታል፤ ነርቩ ያብጣል፣ ይታመማል። ብዙ ጊዜ እጅና እግርን የሚያሰናክለው ይሄ ነው። ሐኪሙ ፕሬድኒሶሎን የሚባል እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። ዋናውን መድኃኒት ግን በራሱ እንዳያቋርጥ አደራ።

ጥያቄ፦ ልጆቹንስ?

አስመርምሪያቸው። ከተያዘው ሰው ጋር ከሚኖሩት አብዛኞቹ አይታመሙም፤ መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ ቶሎ ማስተላለፉን ያቆማል። ቢሲጂ ክትባትም የተወሰነ መከላከያ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ታዲያ የቲ ሴልን ምላሽ በደም ለክቶ በሽታውን ማወቅ አይቻልም?

ተሞክሯል፤ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል ግቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ያለው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። ችግሩ የዚህ ባክቴሪያ ፕሮቲኖች ከቲቢና ከሌሎች ዘመዶቹ ጋር መመሳሰላቸው ነው። ቲቢ ያየ ቲ ሴል የሥጋ ደዌውንም ቁራጭ ሊያውቅ ይችላል። በዚያ ላይ ባክቴሪያው በላቦራቶሪ ምግብ ላይ አያድግም። የዘር ኮዱ በ2001 ሙሉ በሙሉ ከተነበበ ወዲህ የእሱ ብቻ የሆኑ ፕሮቲኖች መፈለግ ቀለለ። ክሊኒክ ውስጥ ግን አሁንም የሚቀድመው ጥጥ ነው፦ ዓይን ተጨፍኖ ነጠብጣቡ በጥጥ ጫፍ ይነካል፤ ታማሚው ካልተሰማው ወደሚቀጥለው ምርመራ ይታለፋል።