መልስ፦ «መዘመርም መስበክም አልችልም፤ ታዲያ በምን ላገልግል?»

እህቴ፣ መድረክ ላይ መውጣት ግዴታ አይደለም። ሮሜ 12፥6-8ን አንብቢ፤ ከተዘረዘሩት 7 ስጦታዎች መካከል መዝሙር የለም። መስጠት፣ መምከርና ምሕረት ማድረግ ግን አሉ።

1. የአጥቢያሽን መሪ «ሰው የጎደለው የት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ የልጆች ክፍል ነው፤ ማንም አይሻማበትም።

2. አንድ ሥራ ብቻ ያዢ፣ ለ3 ወር። ሦስት አራት ክፍል ባንዴ የሚመዘገብ ሰው ሁሉንም ጥሎ ይጠፋል።

3. ከዚያ አብረውሽ ያገለገሉትን «ስጦታዬ ምን ይመስላችኋል?» ብለሽ ጠይቂ። ስጦታን ከባለቤቱ ይልቅ የተጠቀመበት ሰው ቀድሞ ያየዋል።

ደግሞ «ተጠርቻለሁ» ብለሽ መተዳደሪያሽን ለመልቀቅ አትቸኩዪ። ጳውሎስ ቆሮንቶስ ላይ ድንኳን እየሰፋ ነው ያስተማረው (ሐዋ. 18፥3)። በርናባስና ሳውልም (ይኸው ጳውሎስ ማለት ነው) በራሳቸው አልተነሡም፤ በአንጾኪያ ጾመው፣ ጸልየው፣ እጅ ተጭኖባቸው ነው የተላኩት (ሐዋ. 13፥3)።