መልስ፦ የመልስ ቀሚስ የተሰፋ ልግዛ ወይስ ላሠራ?

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ሠርግሽ ጥር ላይ ከሆነ የመልስ ቀሚስሽን አሠሪው እንጂ የተሰፋ አትግዢ። ግን አሁኑኑ ጀምሪ። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ የሠርግ ወቅት ስለሆነ፣ ታኅሣሥ ላይ ሸማኔውም ልብስ ሰፊውም ፋታ የላቸውም።

ሽሮ ሜዳ ስትሄጂ ጥለቱን ገልብጠሽ እዪ። በእጅ የተሸመነ ከሆነ ክሩ በጀርባም ይታያል፤ የታተመ ከሆነ ጀርባው ደብዘዝ ይላል። ሁለቱን በአንድ ዋጋ የሚጠሩ ስላሉ አትቸኩዪ፣ ዞር ዞር በዪ። ለሙሽራ እኔ መነን የሚባለውን ጨርቅ እመርጣለሁ፤ አወራረዱ በጣም ያምራል። ገበር ግን የግድ ነው፣ በካሜራ መብራት ሰውነት ያሳያል።

ከሁሉ በላይ አደራ የምልሽ፦ የካባውን ቀለም ሳትወስኚ ጥለት እንዳትመርጪ! የሙሽራውንም ልብስ ከአንቺው ጋር ለአንድ ሸማኔ እዘዙ፤ በኋላ ለብቻው ሲታዘዝ የክሩ ቀለም ላይገጥም ይችላል።

ቀብድ ስትከፍዪ የመረከቢያውን ቀን በደረሰኙ ላይ አስጽፊ፣ ቀሪውን ለክተሽ ካየሽ በኋላ ክፈዪ። ስትለኪ የዚያን ቀን የምታደርጊውን ጫማ አድርጊ፣ ርዝመቱ በእሱ ነው የሚወሰነው።

ቬሎውን ደግሞ ተከራዪው፤ ለአንድ ቀን ነው። የሐበሻ ቀሚሱን ግን ለዓመት በዓሉም ለክርስትናውም ትለብሽዋለሽ።