ለጉልበት ሕመምተኛ እናት፦ ሃይድልበርግ ግንብ እንዴት ይወጣል?

ጀርመን ሃይድልበርግ ከተማ ውስጥ ዳገት ላይ ወዳለው ግንብ፣ ማለትም ወደ አሮጌው ቤተ መንግሥት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትህ መውጣት ይችሉ እንደሆነ ጠይቀሃል። አዎ፣ ዳገቱን በእግር ሳይወጡ ግንቡ ድረስ መድረስ ይችላሉ። አሮጌው ከተማ ውስጥ ኮርንማርክት ከሚባለው አደባባይ አጠገብ "ቤርግባን" የሚሉት በገመድ የሚሳብ ባቡር አለ፣ እሱን ይዛችሁ "ሽሎስ" የሚለው ፌርማታ ላይ ውረዱ። የግንቡ ትኬት የባቡሩን ደርሶ መልስ፣ የውስጥ ግቢውን፣ ትልቁን የወይን በርሜልና የፋርማሲ ሙዚየሙን ስለሚያካትት የባቡር ትኬት ለብቻው አትግዛ።

"አስጎብኚ ግድ ነው ወይ?" ላልከው፣ ግድ የሚሆነው የቤተ መንግሥቱን የውስጥ ክፍሎች ለማየት ብቻ ነው፣ ትኬቱም ሌላ ነው። ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ እኔ ብሆን እተወዋለሁ። የቦታው ውበት ፍርስራሹ ራሱ ነዋ! የፈረንሳይ ጦር በ1689 እና በ1693 እ.ኤ.አ. አወደመው፣ በ1764 ደግሞ መብረቅ መትቶ አቃጠለው። በባሩድ ፈንድቶ ለሁለት የተሰነጠቀውን ማማ ሳታዩ እንዳትመለሱ፣ ግማሹ ግድግዳ እንዳለ ተንሸራቶ ጉድባው ውስጥ ጋደም ብሏል። ከዚያ ወደ ሰገነቱ ሂዱና እናትህን አስቀምጣቸው፤ የኔካር ወንዝ፣ አሮጌው ድልድይና የከተማው ቀይ ጣሪያ ሁሉ ከእግራችሁ ሥር ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ብዙ ሰው በባቡር ይወጣና "ቁልቁለት ምን አለው" ብሎ በእግር ይወርዳል። መንገዱ በጣም ቁልቁል የሆነ የድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፣ ለታመመ ጉልበት ደግሞ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ይብሳል። ስትመለሱም በባቡሩ ውረዱ።